የፔጆው ጭጋግ

ቡታጅራ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዘኪያ፤ ሲያትል።

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ያንቺንም የእናትሽንም ጤና ያብዛው፤ ደጅሽንም ሰው የሚበዛበት ደጅ ያድርገው። እኛ ጾሙን ጨርሰን ዒዱንም በሰላም አልፈናል። አባትሽና እኔ የወንድማማች ልጆች ነን፤ እሱ ካረፈ ወዲህ ለአንቺ የመጻፉ ተራ ወደ እኔ ዞሯል። ስልክ አልወድም፤ ስልክ ላይ ሰው ሁሉ ይቸኩላል። የምትጽፍልኝ ልጄ ሩመይሳ ናት፤ የእኔ እጅ ለደብዳቤ ሰንፏል።

ወሬው ይህ ነው። ሩመይሳ ታጭታለች። ይህን ስትጽፍ አንገቷን ደፍታለች፤ ዝም ብለሽ ጻፊ ብያታለሁ። ሠርጉ ግንቦት 19 እሑድ ነው። ልጁ የወራቤ ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው፤ ቤተሰቦቹ ግን ትንሽ ከፍ ከፍ ይላሉ። ሙሽራዋን ከአዲስ አበባ በምናስመጣው ሊሞዚን እንወስዳለን ብለው ሰው ልከውብኛል። ፔጆዬን ታውቂያታለሽ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ ሰፈር የወጣች ሙሽራ ሁሉ በእሷ ነው የወጣችው፤ ነጂውም እኔ ነኝ፤ ከማንም ሳንቲም አልተቀበልኩም። የሰውን ልጅ ሁሉ ሸኝቼ የራሴን ልጅ በኪራይ መኪና ልስደድ? አይሆንም አልኩ። ሩመይሳ የምትወጣው በፔጆዋ ነው፤ መሪውንም የምይዘው እኔው ነኝ።

ችግሩ ቀለሙ ነው። ያ ጥቁር ሰማያዊ ቀለሟ ጭጋግ ለብሷል። በኦሞ ፈተግኩት፣ በናፍጣ ወለወልኩት፤ አልለቀቀም። ቀለም ቀቢው ሙሉውን ልላጠውና እንደ አዲስ ልቀባው ይላል፤ ዋጋውን ሲነግረኝ መኪናውን መልሶ የሚሸጥልኝ መሰለኝ። ከሆነልሽ በዚህ እርጂኝ። ሥራሽም ከመኪና ጋር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን በቅጡ የነገረኝ የለም።

በዱዓ የማይረሳሽ አጎትሽ፣
ከማል


ሲያትል፣ ኅዳር 24 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ከማል፤ ቡታጅራ።

ወአለይኩም ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ዕድሜዎን አላህ ያርዝመው፤ የልጅ ልጅ ለማቀፍ ያብቃዎት። ሩመይሳ፣ እንኳን ደስ አለሽ፤ አንገትሽን ቀና አድርጊ።

አጎቴ፣ ለቀለም ቀቢው ገንዘብ አልልክም። ክፋት አይምሰልዎት። ከፋብሪካ የወጣ ቀለም አንዴ ከተላጠ በኋላ አይመለስም፤ የእርስዎ ቀለም ደግሞ አልሞተም፤ ላዩ ብቻ ነው የደረቀው። ይህን የምለው በግምት አይደለም። ሴንትራል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር፣ ከጃክሰን መንገድ ጥግ፣ ሁለት መኪና የሚይዝ ቤት ተከራይቼ የመኪና ቀለም እንከባከባለሁ። ማጠብማ ማንም ያጥባል። እኔ ቀለሙን አለሰልሳለሁ፣ ከዝናብና ከዛፍ ሙጫም እንዲጠበቅ አደርጋለሁ። ከሐይቁ ማዶ ያሉት የሬድመንድ ከተማ ኮምፒውተር ሠሪዎች ተሻግረው እኔ ዘንድ ይመጣሉ። በዚህ ከተማ ከእኔ የተሻለ እጅ ካለ እስካሁን አላጋጠመኝም። አብሮኝ የሚሠራው እዮብ፣ «ሲላንቱን አፕላይ አደረግሽ፣ ሶ አለቀ፤ ለምንድን ነው ሁለት ሰዓት ሙሉ መኪናውን የምትዞሪው?» ይለኛል። የምዞረው ስላላለቀ ነው።

ጎረቤታችን ሙሉአለም ለገና አዲስ አበባ ይመጣል፤ በእሱ እጅ ሦስት ጠርሙስና ለስላሳ ጨርቆች ልኬያለሁ። ትንሿ ጠርሙስ ማለስለሻ ናት፤ ሁለቱ ትልልቆቹ ሲላንት ናቸው። ሲላንት ማለት ፖሊመር ከሚባል ነገር የተሠራ መከላከያ ቅባት ነው፤ እንደ ሰም ፀሐይ ሲነካው አይቀልጥም፤ ቀለሙ ላይ ተጣብቆ ስድስት ወር ይጠብቀዋል።

መጀመሪያ ኦሞና ናፍጣ ከዚህ መኪና አጠገብ እንዳይደርሱ። በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጥላ ሥር ይቁም። ቀጥሎ በማለስለሻው ይሹት፤ ጨርቁ ሰማያዊ ቢሆን አይደንግጡ፤ የሚወጣው የደረቀው ቀለም ነው። ከዚያ ሲላንቱን ስስ፣ በጣም ስስ አድርገው ይቀቡት። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሲጨፈግግ በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት። እስከ ማግስቱ ውሃ እንዳይነካው። በዚህ ካላበራ ሱቄን እዘጋለሁ።

አክባሪዎ ዘኪያ


ቡታጅራ፣ ጥር 18 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዘኪያ።

ሰላምታዬ በያለሽበት ይድረስሽ፤ እጅሽን አላህ ከድካም ይጠብቀው። ዕቃው ደርሷል። መልካም ሰው ነው ሙሉአለም፤ እስከ ቡታጅራ መጥቶ ሰጥቶኝ ሊሄድ ሲል ምሳ አብልቼ ለቀቅኩት።

ያልሽውን አደረግኩ። ጨርቁ ሰማያዊ ሲሆን ግን እንኳን አስጠነቀቅሽኝ፤ መኪናዋ እጄ ላይ ያለቀች መስሎኝ ነበር። የተለያየነው ሲላንቱ ላይ ነው። አንቺ ስስ ትያለሽ። ጠርሙሱን ከፍቼ ጨርቁ ላይ ጠብ ሳደርገው አፈርኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሽራ የተሸከመች መኪና በጠብታ ትሸኛለች? አንቺም የጉራጌ ልጅ ነሽ፤ ክትፎ ላይ ቅቤ በጠብታ ሲደረግ የት አይተሻል? አሜሪካ ኖረሽ እጅሽ ጠቦብሽ ይሆናል ብዬ አጠገብኳት። አንዱ ጠርሙስ ኮፈኑና ሁለቱ የፊት በሮች ላይ አለቀ።

ደረቀና አልጠረግ አለ። ሚኒባስ የሚነዳውን የወንድሜን ልጅ ረመዳንን ታውቂዋለሽ፤ መጥቶ አይቶ፣ «አጎቴ፣ መኪናዋን ኖራ ቀቧት እንዴ?» አለኝ። እሱ እንኳን ሳቀብኝ። ጭጋጉም ይኸው እንዳለ ነው። ስለ ሙያሽ ብዙ ጽፈሽልኝ ነበር፤ ሱቅሽን ትዘጊ እንደሆነ አሳውቂኝ።

አጎትሽ ከማል


ሲያትል፣ የካቲት 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ።

ሰላምዎን አላህ ያብዛው። ደብዳቤዎን ለእናቴ ሳነብላት እስክታለቅስ ሳቀች። ሱቁ ክፍት ነው፤ አልዘጋም።

ይህን ስሕተት የሠሩት እርስዎ ብቻ አይደሉም። እኔም ሥራውን ስጀምር አንዱን ነጭ መኪና እንደ እርስዎው አጥግቤ አሠሪዬ ግማሽ ቀን ሲጠርገው ዋለ። እኛ ስስ ነገር ስንሰጥ የሰሰትን ይመስለናል። ቀለም ግን እንግዳ አይደለም፤ የሚችለውን ያህል ብቻ ይይዛል፤ የተረፈው ላዩ ላይ ደርቆ ያስቸግራል። አሁን ከሁለተኛው ጠርሙስ ጥቂት ጠብታ ጨርቅ ላይ አድርገው የደረቀው ላይ ይቀቡት። አዲሱ የደረቀውን ያላላዋል፤ ሳይደርቅ ወዲያው ይጥረጉት። ከዚያ መኪናዋን በሙሉ አንዴ፣ ስስ አድርገው። ለአንድ በር የጠርሙሱ ክዳን ግማሽ ይበቃል። እያፈሩም ቢሆን እንዲሁ ያድርጉት።

ሲጨርሱ ሦስት ነገር ይመልሱልኝ። እጅዎን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገብተው ኮፈኑን ይዳብሱት፤ ፌስታል ያለበት እጅ አሸዋ ቅንጣት እንኳን አያመልጠውም። ይንሸራተታል ወይስ ይኮሰኩሳል? በማግስቱ ውሃ ያፍስሱበት፤ ተንከባሎ ይወርዳል ወይስ ይነጠፋል? መጨረሻ፣ ጥላ ቦታ ቆመው ኮፈኑን ሲያዩ የሰማዩ ደመና እንደ መስታወት ላዩ ላይ ይታይዎታል?

አክባሪዎ ዘኪያ


ቡታጅራ፣ መጋቢት 4 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዘኪያ።

አላህ ሥራሽን ይባርክልሽ። እያፈርኩ ስስ አደረግኩት። መልሱን በተራ እነግርሻለሁ።

በፌስታል ዳበስኩት። እጄ ከኮፈኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ሳይደናቀፍ ሄደ፤ መስታወት ነው። ውሃውን አፈሰስኩት። ሩመይሳ እንደ ሽንብራ እየተንከባለለ ወረደ አለችኝ። ደመናው ግን አይታየኝም። ጭጋጉ ከነክብሩ እዚያው ተቀምጧል። ስለዚህ መድኃኒትሽ ደካማ ነው ማለት ነው፤ ጠንከር ያለ ካለ ላኪልኝ። ከሌለ ለቀለም ቀቢው የሚሆን ነገር አስቢበት፤ ሁለት ወር ነው የቀረን፤ ሊሞዚን ወዳዶቹ አሁንም ሰው እየላኩ ነው።

መኪናዋም አርጅታለች መሰለኝ። መብራቷ ደከመ፤ አምፖሉን ሁለት ጊዜ ቀየርኩት፣ ለውጥ የለውም። ከፊቴ የሚመጣ መኪና ሁሉ ደግሞ ብርሃኑ እንደ ጎማ ክብ ሠርቶ ይመጣብኛል፤ የዘንድሮ ሾፌር ረጅሙን መብራት አይቀንስም። ሩመይሳ ከጎኔ ተቀምጣ «አባባ፣ በግራ አህያ አለ፤ አባባ፣ ሰው ሊሻገር ነው» እያለች መንዳት ታስተምረኛለች። እንዲህ ማለቷ ቤቱን ለቅቃ መሄዷ ቢከብዳት ነው ብዬ ተውኳት።

አጎትሽ ከማል


ሲያትል፣ መጋቢት 22 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ።

ሰላም ለእርስዎና ለቤትዎ ሁሉ ይሁን። ይህን ደብዳቤ ሩመይሳ አንድ መስመር ሳትዘል ታንብብልኝ።

አጎቴ፣ ሌላ ጠርሙስ አልልክም። እጅዎ መስታወት ነው ብሏል። ውሃውም ተንከባሏል። በእኔ ሙያ ሁለቱ ከተሟሉ ቀለሙ የማያበራበት መንገድ የለም። እኔ ስለ ሰው ሕመም አላውቅም፤ ስለ ቀለም ግን ከማንም ጋር እከራከራለሁ። ፔጆዋ አብርታለች። ጭጋጉ ያለው ዓይንዎ ላይ ነው።

እናቴ አምና ኖርዝጌት ባለው ቤታችን የሳሎኑ መስኮት ቆሸሸ እያለች ሦስት ወር ስትወለውል ከረመች። እኔም በሙያዬ እየኮራሁ የምርጥ ምርጥ ማጽጃ አመጣሁላት። መስኮቱ ንጹሕ ነበር። እሷም የመኪና መብራት ክብ ይሠራብኛል ትል ነበር፤ የዓይን ሞራ ነው ተባለ። አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ አነሡላት። አሁን ከመንገዱ ማዶ ሆና ሱቄ ውስጥ ያመለጠኝን ቦታ ትቆጥርብኛለች።

የሚቀጥለውን የምጽፈው እየፈራሁ ነው፤ ለእኔ እንደ አባቴ ወንድም ነዎትና። በዚህ ዓይን ሩመይሳን ይዘው መንገድ አይውጡ። የሙሽራ መኪና ፊት ለፊት ሕፃናት ይሮጣሉ፤ እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል። ይቆጡኝ፤ ግን መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ሩመይሳ፣ አንቺንም ልጠይቅሽ። በእጅሽ ሦስት ደብዳቤ ጽፈሽልኛል። መኪናዋ ታበራለች ወይስ አታበራም? ለምን አልነገርሽኝም?

አክባሪዎ ዘኪያ


ቡታጅራ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለዘኪያ።

እንደምን ሰንብተሻል። ዛሬ የምጽፍልሽ ራሴን ሆኜ ነው፤ መጀመሪያ መልስሽን ልስጥሽ። መኪናዋ ታበራለች። ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ፣ ያ ኖራው ከለቀቀ በኋላ፣ ሻሽ የማስተካክለው በእሷ በር ላይ እያየሁ ነው።

ሳትዘል ታንብብ ብለሽ ነበር፤ ዘለልኩ። ስለ እናትሽ መስኮት የጻፍሽውን አንብቤ ወደ ሰላምታው ተሻገርኩ። አባባ «ይኸው ነው?» አሉ። ይኸው ነው አልኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ከቤት ከመውጣታቸው በፊት ሄጄ፣ ትናንት የዘለልኩት አለ ብዬ ቆሜ አነበብኩላቸው። ሲያልቅ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አሉኝ። ከአምና ክረምት አልኳቸው።

ለምን እንዳልተናገርኩ ብታውቂ ደስ ይለኛል። አባባ በሰፈሩ ከማል ፔጆ ነው የሚባሉት። ሚስታቸው፣ እናቴ፣ ከሞተች ወዲህ ሰው ቤታችን የሚመጣው ሙሽራ ይውሰዱልን ብሎ ነው። አይታይዎትም ብዬ መሪውን ከእጃቸው መንጠቅ አልቻልኩም። ስለዚህ ከጎናቸው ተቀምጬ ዓይናቸው ሆንኩ። ጎበዝ ነኝ ብዬ አስቤ ነበር። አሁን ሳስበው ፈሪ ነበርኩ።

ዘጠኝ ቀን አላናገሩኝም። ፔጆዋን ብቻቸውን ያጥባሉ፣ ይዳብሳሉ፣ በፌስታል ይዳብሳሉ። በዐሥረኛው ቀን «ረመዳንን ጥሪው፣ አዲስ አበባ ይንዳኝ» አሉ። ሐኪሙ ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ አለበት አለ። ቀኙ ተሠርቷል፤ ግራው ከክረምት በኋላ ነው። እስከዚያ መሪ እንዳይነኩ ከልክሏቸዋል። ሠርጉ ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የወራቤዎቹ ሰምተው ሊሞዚኑን እንላክ ብለዋል። ነገ የዓይናቸው ጨርቅ ይነሣል። እፈራለሁ። ለምን እንደምፈራ በደብዳቤ መጻፍ አልችልም፤ ሲያዩት ይነግሩሽ ይሆናል።

እኅትሽ ሩመይሳ


ቡታጅራ፣ ግንቦት 26 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዘኪያ።

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለእናትሽ፤ የሠራሽው ሁሉ ይቃናልሽ። ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ፊደሌ እንደ ድሮው አይደለም፤ መስመሩን ግን አየዋለሁ።

ሙያሽን ሰድቤአለሁና ይቅር በይኝ። ጨርቁ ተነሥቶ ግቢ ስገባ ፔጆዋ ዋርካው ሥር ቆማ ነበር። ኮፈኗ ላይ ደመናው ታየኝ። ዋርካው በቅጠሉ ሁሉ ታየኝ። አንድ የሸበተ ሽማግሌም ታየኝ፤ ሰላም ልለው ነበር፤ እኔ ነኝ። ዞሬ ዞሬ አየኋት፤ በዚህ ዓለም እንደዚያ ያለ ሰማያዊ የለም።

ከዚያ ወደ ፊት ዞርኩ። የፊት መከላከያው ቀኝ ጫፍ ጎድጉዷል። ቀለም የለበትምና አላለሰለስኩትም፣ አልዳበስኩትም። ይህ ምንድን ነው አልኳት ሩመይሳን። አለቀሰች። አምና ነሐሴ፣ ጎረቤታችን ባየሽ ከቧንቧ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ሳያዩ ሄደውባት ነው አለችኝ። ጀሪካኑን ጥላ ወደ ቦዩ ዘላ ተረፈች፤ መከላከያው የመታው ጀሪካኑን ነው። እኔ ጉድጓድ ረገጥኩ ብዬ አለፍኩ። ባየሽ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በደጄ ስታልፍ እንዴት አደሩ ትለኛለች፤ አንድ ቀን አልተናገረችም። ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅሁ። «ተዉ እንጂ፣ ሙሽራ ልጄን ያደረሷት እርስዎ ነዎት» አለችኝ። ሲመሽ ቁልፉን ለረመዳን ሰጠሁት። ሐኪሙ ቢፈቅድም እሰጠው ነበር።

ወራቤዎችን በፔጆዋ ካልሆነ ልጅ የለም አልኳቸው፤ ሊሞዚናቸው ባዶውን ከኋላ ተከተለን። ረመዳን እንቁላል እንደጫነ ሰው ቀስ ብሎ ነዳ፤ ሙሽራው ከፊት ተቀመጠ። እኔ ከኋላ ከሩመይሳ ጎን ገባሁ። አባት ከሙሽራ ጋር አይሄድም አሉ ሽማግሌዎቹ፤ ዘንድሮ ይሄዳል አልኳቸው።

ዘኪያ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሽራ ነዳሁ፤ የአንዷንም ፊት አላየሁም። ነጂ የሚያየው መንገድ ነው። ሩመይሳን ግን ከደጄ እስከ ወራቤ አየኋት። ስታለቅስ አየኋት፣ ሳቅ ሲያመልጣት አየኋት። አገጯ የእናቷ ነው፤ ረስቼው ኖሬያለሁ። ግማሽ መንገድ ላይ፣ «አባባ፣ መንገዱን አያዩም?» አለችኝ።

መንገዱን ረመዳን ይየው አልኳት።

አጎትሽ ከማል